ቲ-6 ቴክሳን ለማብረር፦ ከኢንሹራንስ ጥሪ እስከ መጀመሪያው ብቸኛ በረራ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ አውሮፕላኑን ይገዛሉ። ቀጥሎ አስተማሪ ይፈልጋሉ። መጨረሻ ላይ ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ። ኢንሹራንሱ "አንቀበልም" ሲላቸው ወይም የማይቀመስ ዋጋ ሲጠራባቸው፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት አውሮፕላን አቧራ ለብሶ ሃንጋር ውስጥ ይከርማል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ኢንሹራንስ፣ ቀጥሎ ሥልጠና፣ አውሮፕላን መግዛት መጨረሻ።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ የግል ፓይለት ፈቃድ ይዘው እንደ ሴስና 172 ያለ አውሮፕላን ሲያበሩ ለቆዩ ነው። ዓላማቸው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ማሠልጠኛ ወደሆነው ቲ-6 መሻገር ነው። ኤስኤንጄ የሚባለው የባሕር ኃይሉ፣ ሃርቫርድ የሚባለው ደግሞ የእንግሊዞቹ ስሙ ነው፤ አውሮፕላኑ ያው ነው። አብዛኛው ነገር ስቲርማንና ያክ-52 ለሚባሉት ሌሎች የቆዩ ማሠልጠኛዎችም ይሠራል። ያክ-52 ግን የአፍንጫ ጎማ ስላለው የጭራ ጎማውን ክፍል ዝለሉት።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙ። የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ "ቲ-6 ለማብረር ይህን ያህል ሰዓት ይኑራችሁ" አይልም። ክብደቱ ከ12,500 ፓውንድ በታች ነው፣ ጄትም አይደለም፤ ስለዚህ ታይፕ ሬቲንግ (ለአንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ) አይጠየቅም። ሕጉ የሚፈልገው ሎግቡክ (የበረራ መዝገብ) ላይ ሦስት የአስተማሪ ፊርማ ነው፦ የጭራ ጎማ (ሦስተኛው ጎማ ከኋላ ላለው)፣ የኮምፕሌክስ (የሚታጠፍ ጎማና የሚስተካከል ፕሮፔለር ላለው) እና ከ200 ፈረስ ጉልበት በላይ ላለው ሞተር የሚሰጠው። ስንት ሰዓት እንደምትሠለጥኑ የሚወስነው ኢንሹራንሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰዓታችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ

ሎግቡካችሁን አውጡና እነዚህን ለየብቻ ደምሩ፦

1. ጠቅላላ የበረራ ሰዓት
2. ባለፉት 12 ወራት እና ባለፉት 90 ቀናት የበረራችሁት
3. የጭራ ጎማ ባለው አውሮፕላን የበረራችሁት
4. ጎማው በሚታጠፍ አውሮፕላን የበረራችሁት
5. ከ200 ፈረስ ጉልበት በላይ ባለው ሞተር የበረራችሁት
6. በራሱ በቲ-6፣ በኤስኤንጄ ወይም በሃርቫርድ የበረራችሁት
7. ያጋጠማችሁ አደጋ፣ የጠየቃችሁት የኢንሹራንስ ካሳ፣ ከኤፍኤኤ የደረሰባችሁ ቅጣት

ቁጥር አታጋኑ። ማመልከቻ ላይ የተጻፈ ውሸት የሚወጣው ጉዳት ደርሶ ሎግቡካችሁ ሲጠየቅ ነው። ያን ጊዜ ኢንሹራንሱ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደነግጡት የአየር መንገድ ካፒቴኖች ናቸው። በቦይንግ 10,000 ሰዓት የበረረ ሰው ተራ ቁጥር 3 ላይ ዜሮ ከጻፈ፣ ኢንሹራንሱ በቲ-6 ጉዳይ እንደ ጀማሪ ነው የሚያየው። ድሮ ቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ በቲ-28 ማሠልጠኛ የበረሩ የአየር ኃይል አባቶችም ይህን ይወቁት። ያ ሰዓት ለኃይለኛ ሞተርና ለሚታጠፍ ጎማ በደንብ ይቆጠርላቸዋል። ቲ-28 ግን የአፍንጫ ጎማ ስላለው የጭራ ጎማውን ክፍተት አይሞላም።

ደረጃ 2፦ አንድ ብሮከር ብቻ ያዙ

እኔ ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። ጥሩ ዋጋ ላገኝ ብዬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ብሮከሮች (ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር የሚያገናኙ ወኪሎች) ጋ ደወልኩ። ሦስቱም ስሜን ይዘው ለእነዚያው ጥቂት ኩባንያዎች አመለከቱ። ሁለቱ "ተዘግቶብናል" ብለው ተመለሱ። የቀረው ደግሞ ስለ አሮጌ የጦር አውሮፕላኖች ምንም የማያውቅ ሆኖ ተገኘ። ወራት አለፉብኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአውሮፕላን ኢንሹራንስ የሚሰጡ ኩባንያዎች ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ኩባንያው ለአንድ አመልካች ዋጋ የሚሰጠው ቀድሞ ላመለከተው ብሮከር ነው። ሁለተኛው ከዘገየ በሩ ይዘጋበታል። ስለዚህ፦

1. ከመደወላችሁ በፊት የቲ-6 ባለቤቶችን ጠይቁ። የኖርዝ አሜሪካን (የቲ-6 ሠሪ ኩባንያ ነው) ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ማኅበር አባላት፣ ኢኤኤ የተባለው የአቪዬሽን ወዳጆች ማኅበር የጦር አውሮፕላን ክፍል እና የድሮ የጦር አውሮፕላኖችን የሚያበርረው፣ ዳላስ ያለው ኮሜሞሬቲቭ ኤር ፎርስ ጥሩ መነሻ ናቸው።
2. ብሮከሩን "አሁን ለስንት ቲ-6 ኢንሹራንስ አስገብተሃል?" ብላችሁ ጠይቁ። ካመነታ አመስግናችሁ ስልኩን ዝጉ። ስማችሁንና የአውሮፕላኑን ቁጥር ገና አትስጡ።
3. የመረጣችሁት ላይ ስትደርሱ ያን አንድ ገጽ ላኩለት።

ተሳስታችሁ ለብዙዎች ካመለከታችሁስ? መውጫ አለ። "ከዛሬ ጀምሮ ብሮከሬ እገሌ ነው" የሚል የውክልና ደብዳቤ ፈርማችሁ አዲሱ ብሮከር ለኩባንያዎቹ እንዲልክ አድርጉ። ቀድሞ የነበረው ብሮከር ለጥቂት ቀናት የመቃወም ዕድል ስለሚሰጠው ትንሽ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ በሩ ይከፈታል።

ደረጃ 3፦ የተሰጣችሁን ዋጋ ሳይሆን ሁኔታዎቹን አንብቡ

ሰው ሁሉ የሚያየው ታች ያለውን የዶላር ቁጥር ነው። እናንተ ግን "ፓይለቶች" የሚለውን ክፍል ፈልጉ። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ሊል ይችላል፦ "ኩባንያው ከተቀበለው አስተማሪ ጋር 10 ሰዓት፣ ከዚያ ብቻውን 10 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ሰው መጫን ይችላል።" የሥልጠና ዕቅዳችሁ ይህ ነው። አትማችሁ ሎግቡካችሁ ውስጥ አስገቡት።

እነዚህን ጥያቄዎች በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ፦

• በሥልጠናው ሰዓት ጉዳት ቢደርስ አውሮፕላኑ ተሸፍኗል? አስተማሪውስ?
• የሦስተኛ ወገኑ ጣሪያ ስንት ነው? ብዙ ውል ላይ ጣሪያው 1,000,000 ዶላር ሆኖ ለአንድ ተሳፋሪ ግን 100,000 ብቻ ይላል። ከኋላ የምታስቀምጡት ሰው ቤተሰብ ያለው ነው። ልዩነቱን ከወዲሁ እወቁት።
• አክሮባት፣ በቡድን መብረርና የአየር ትርዒት ተከልክለዋል?
• ቤዚክሜድ (በኤፍኤኤ የተፈቀደውን ቀለል ያለ የጤና ሥርዓት) ይቀበላሉ ወይስ የሐኪም ሰርተፍኬት ይፈልጋሉ?
• አውሮፕላኑ ውጭ ካደረ ዋጋው ይለወጣል?

የአውሮፕላኑን አካል የሚሸፍነው ክፍል የሚሠራው በቅድሚያ በተስማማችሁበት ዋጋ ነው። ፕሪሚየም (የኢንሹራንስ ክፍያ) ለመቀነስ ብላችሁ ዋጋውን አታሳንሱ። 250,000 ዶላር የሚያወጣ አውሮፕላን በ150,000 ኢንሹራንስ አስገባችሁ እንበል። መካከለኛ ጉዳት ሲደርስ ኩባንያው ጥገናው አያዋጣም ብሎ 150,000 ሰጥቷችሁ አውሮፕላኑን ራሱ ሊወስድ ይችላል። ስብርባሪውም የእሱ ነው።

ሙሉ ሽፋኑ ከአቅም በላይ ከሆነ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ብቻ የሚሸፍን ውል ጠይቁ። እሳት፣ ማዕበል፣ የሃንጋር መደርመስ ይሸፈናል። ስትበሩ የሚደርሰው ጉዳት ግን በራሳችሁ ኪስ ነው። በባንክ ብድር የምትገዙ ከሆነ ባንኩ በዚህ አይስማማም።

"ኢንሹራንስ አንሰጥህም" ከተባላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ብሮከሩን "ምን ሰዓት ባሟላ ይቀበሉኛል?" ብላችሁ አስጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ የጭራ ጎማ ሰዓት ነው። ያ ደግሞ በርካሽ ይገኛል።

ደረጃ 4፦ ወረቀቶቻችሁን አስተካክሉ

ይህ አሰልቺ ክፍል ነው፣ ግን ካሳ የሚያስቀረው ይህ ነው። ሐኪሙ የሰጣችሁ ወረቀት ወይም በየ24 ወሩ የሚደረገው የበረራ ግምገማ ቀኑ ካለፈበት ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። የአውሮፕላኑ ዓመታዊ ምርመራም እንዲሁ። ሦስቱንም ቀኖች ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ።

ከውጭ የመጣችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፈቃድ ያላችሁ በእሱ ላይ የተመሠረተ የአሜሪካ የግል ፈቃድ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ኤፍኤኤ መጀመሪያ ፈቃዳችሁን ከሰጠው ባለሥልጣን ያረጋግጣል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጀምሩት። ሁለተኛው፣ ዜግነት ሳያገኙ የመጀመሪያ ፈቃድ፣ ኢንስትሩመንት (በመሣሪያ ብቻ መብረር) ወይም ባለሁለት ሞተር ለመማር የቲኤስኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ማጣሪያ ግድ ነው። ግሪን ካርድ ያለውም ከዚህ አያመልጥም። ለጭራ ጎማ፣ ለኮምፕሌክስና ለኃይለኛ ሞተር ፊርማ ግን ማጣሪያው አይጠየቅም።

ደረጃ 5፦ የጭራ ጎማን በትንሽ አውሮፕላን ተማሩ

ሦስቱንም ፊርማ በቲ-6 ላይ ማግኘት ይቻላል። አታድርጉት። የቲ-6 አንድ ሰዓት ውድ ነው፣ የጀማሪ ስህተትም በእሱ ላይ ውድ ነው። እንደ ሲታብሪያ ወይም ፓይፐር ካብ ያለ ቀላል አውሮፕላን ፈልጉ።

የጭራ ጎማ ለምን ያስቸግራል? የአውሮፕላኑ ክብደት ያረፈው ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ነው። ጋሪ ወደ ኋላ ስትገፉ ምን እንደሚሆን አስቡት። ትንሽ ከተጣመመ ራሱን አያቀናም፣ ይብስበታል። ጭራው አፍንጫውን ሊቀድም ይሞክራል። ፓይለቱ ካልቀደመው አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይሽከረከራል፣ ግራውንድ ሉፕ የሚባለው ይህ ነው። ክንፍ ይሰብራል፣ ጎማ ያጥፋል።

ሕጉ ለፊርማው የሚጠይቀው በተራና በጎን ነፋስ መነሳትና ማረፍ፣ በሁለቱ ዋና ጎማዎች ማረፍ፣ እና ማረፉን ትቶ እንደገና መነሳት ነው። ፊርማውን ስታገኙ አትቁሙ። ኢንሹራንሱ የጠየቀውን የጭራ ጎማ ሰዓት እዚሁ ሙሉ። መጀመሪያ ሣር ሜዳ ላይ ተለማመዱ፣ ሣር ትንሽ ስህተት ይቅር ይላል። ከዚያ አስፋልት ላይ በጎን ነፋስ።

እግራችሁ ዘገምተኛ ከሆነ ይህን ሞክሩ። አስተማሪው ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል የሚሰጠውን ማንሻ) ይያዝ፣ እናንተ ጭራውን አንስታችሁ መንደርደሪያው ላይ ሳትነሱ በፔዳሎቹ ብቻ ቀጥ አድርጋችሁ ሂዱ። ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። አሥር የተለመዱ ማረፎች ከሚያስተምሩት ይህ በአንድ ከሰዓት የበለጠ ያስተምራል።

ደረጃ 6፦ አስተማሪውንና አውሮፕላኑን ምረጡ

አስተማሪው የኤፍኤኤ ፈቃድ ያለው መሆኑ አይበቃም። ኢንሹራንሱ በስም ሊቀበለው ይገባል። የእሱንም የቲ-6 ሰዓት በብሮከሩ በኩል ላኩ፤ "ተቀብለናል" የሚል ጽሑፍ ሳይመጣ አንድ ሰዓት እንኳ አትብረሩ። ያልተፈቀደ አስተማሪ ጋር የበረራችሁት ሰዓት ላይቆጠርላችሁ ይችላል።

በሌላ ሰው አውሮፕላን የምትማሩ ከሆነ ትልቁ ወጥመድ እዚህ አለ። የባለቤቱ ኢንሹራንስ የሚጠብቀው ባለቤቱን ነው። ብትሰብሩት ኩባንያው ለእሱ ከፍሎ ዞሮ እናንተን ሊከስ ይችላል። ስለዚህ ስማችሁ በውሉ ላይ እንዲገባ፣ ኩባንያውም ወደ እናንተ እንደማይመለስ በጽሑፍ እንዲተው ጠይቁ። ለተከራዮች የሚሸጠው ርካሽ ኢንሹራንስ አሮጌ የጦር አውሮፕላኖችን ብዙ ጊዜ አያካትትም። ውሉን አንብቡ።

ኮክፒት ውስጥ ያለውን የአየር ብቁነት ሰርተፍኬትም ተመልከቱ። አንዳንዱ ቲ-6 "ስታንዳርድ" (መደበኛ ማረጋገጫ ያለው) ነው፣ ሌላው "ኤክስፐሪመንታል" (በልዩ ገደብ እንዲበር የተፈቀደለት) ነው። ስታንዳርድ ባልሆነው ላይ ለሥልጠና ገንዘብ መቀበል የራሱ ደንብ አለው። ጉዳዩ በ2021 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ደርሶ ብዙ ሰው አደናግሮ ነበር፤ ኤፍኤኤ ደንቡን በ2024 አሻሽሎታል። አስተማሪውን በየትኛው ደንብ እንደሚያስከፍላችሁ ጠይቁት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይመልሳል።

ደረጃ 7፦ መሬት ላይ ጨርሱት

ሞተር ሳታስነሱ ብዙ መማር ይቻላል። በነጻ ነው፣ ግን ሰው ይዘለዋል። የአውሮፕላኑን መጽሐፍ ይዛችሁ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ቲ-6ን ብቻውን የሚያበር ሰው ከፊት ነው የሚቀመጠው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሮትሉን፣ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር መጠን ማስተካከያውን)፣ የፕሮፔለር ማንሻውን፣ የጎማና የፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ማንሻዎቹን በእጃችሁ እስክታገኙ ተለማመዱ።

ሦስት ነገር ላይ ቆዩ፦

ነዳጁ። በሁለቱ ክንፍ በድምሩ ወደ 110 ጋሎን ይይዛል። የግራው ታንክ ውስጥ የመጠባበቂያ ክፍል አለ፣ ማዞሪያውም ለብቻው ያሳየዋል። መለኪያዎቹ ወለሉ ላይ ግራና ቀኝ ናቸው። የት እንደሆኑ በአየር ላይ ስትፈልጉ እንዳትገኙ።

ሃይድሮሊኩ። ጎማ ወይም ፍላፕ ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ግፊቱን የምታስገባውን ማንሻ መግፋት አለባችሁ። ከሴስና የመጣ ሰው ይህን ይረሳና "ጎማው እምቢ አለ" ይላል። ጎማው እምቢ ካላችሁ መጀመሪያ እሷን ግፉ።

የጭራ ጎማው መቆለፊያ። እንደ ሞዴሉ ይለያያል። በአንዳንዱ ስቲኩን (የመሪ ዘንጉን) ወደፊት ጥግ ስትገፉ ይለቀቃል፣ በሌላው ማንሻ አለው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትንቀሳቀሱ።

ደረጃ 8፦ በቲ-6 መብረር

ሀ. ሞተሩን ማስነሳት። ዘጠኝ ሲሊንደር ያለው 600 ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። ሲቆም ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ማግኔቶው (ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው) መጥፋቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ ፕሮፔለሩን በእጅ በሚዞርበት አቅጣጫ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ሁልጊዜም ሞተሩ ሊነሳ ይችላል ብላችሁ ቁሙ።

በመሃል ቀጥ ብሎ ከቆመ አታስገድዱት። ወደ ኋላም አትመልሱት፣ ዘይቱ ወደ መሳቢያ ቱቦው ገብቶ ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይመጣል። የታችኞቹን ሲሊንደሮች ካንዴላ አውጡና ዘይቱ ይፍሰስ። ያልታየ ዘይት የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል፤ ያ ሞተር ደግሞ በአየር ላይ ነው የሚሰበረው።

ስታስነሱ ማጥፊያ የያዘ ሰው ውጭ ይቁም። ነዳጅ በዝቶ እሳት ከታየ ማዞሩን አታቁሙ። ሚክስቸሩን ዝጉ፣ ስሮትሉን ክፈቱ፣ ሞተሩ እሳቱን ወደ ውስጥ ይስበው። ካልጠፋ ሁሉንም ዘግታችሁ ውጡ።

ለ. መሬት ላይ መንቀሳቀስ። አፍንጫው ፊት ለፊታችሁን ይሸፍነዋል። እንደ እባብ እየተጠማዘዛችሁ ግራና ቀኝ እያያችሁ ሂዱ። የዘይቱ ሙቀት ቢያንስ 40 ዲግሪ ሳይደርስ የሞተር ሙከራ አታድርጉ።

ሐ. መነሳት። ሙሉ ኃይሉ 36 ኢንች የመሳቢያ ቱቦ ግፊት እና በደቂቃ 2,250 ዙር ነው። ስሮትሉን ቀስ ብላችሁ ስጡ። ወደ ግራ ይጎትታችኋል፣ ቀኝ እግራችሁ ዝግጁ ይሁን። መጣመሙ ካመለጣችሁ ኃይሉን ቀንሱና ተዉት፣ እንደገና ጀምሩ።

መ. ከፍታ ላይ። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው) ላይ አሳልፉ። ቲ-6 ሲሰናከል ብዙ አያስጠነቅቅም፣ አንድ ክንፉን ይጥላል። በተለይ ስትዞሩ ስቲኩን አጥብቃችሁ ከሳባችሁ። ይህን ከፍ ብላችሁ ከአስተማሪ ጋር ደጋግማችሁ እዩት፤ ወደ ማረፊያ የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳታዩት።

ሠ. ማረፍ። ጎማ መውረዱን ሦስት ጊዜ አረጋግጡ። ጠቋሚውን እዩ፣ ክንፉ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የመቆለፊያውን ፒን እዩ፣ ከዚያ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ጎማው መሬት ሲነካ ትልቁ ሥራ ይጀምራል። ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር ረደሩ (በፔዳል የሚታዘዘው የጭራ መሪ) ነፋስ ያጣል፣ አደገኛው ጊዜም ያ ነው። ጎማው ሥር ታኮ እስኪገባ እግራችሁ አይረፍ።

አውሮፕላኑ ነጥሮ ከዘለለ? ትንሽ ከሆነ አፍንጫውን ያዙና ይረፍ። ከፍ ካለ አትከራከሩ፣ ስሮትሉን ቀስ ብላችሁ ሰጥታችሁ ተነሱ። በአንድ ቀን ሦስት መጥፎ ማረፍ ከተከታተለባችሁ ለዚያ ቀን አቁሙ። ድካም ነው፣ እግር ሲደክም አይነግራችሁም።

ደረጃ 9፦ ፊርማ፣ ደብዳቤ፣ ብቸኛ በረራ

ኢንሹራንሱ 10 ሰዓት ካለ 9.8 አይበቃም። ሰዓቱ ሲሞላ አስተማሪው የቀሩትን ፊርማዎች እና ራሱን የቻለ የቲ-6 ማረጋገጫ ይጻፍላችሁ። ፎቶ አንሥታችሁ ለብሮከሩ ላኩ። መልሱ ሲመጣ ብቻ ለብቻችሁ ውጡ። የመጀመሪያው ቀን ነፋስ የሌለበት ጠዋት ይሁን፣ አስተማሪው መሬት ላይ ሬዲዮ ይዞ ይቁም።

አውሮፕላኑን አሁን መግዛት ትችላላችሁ። ሌላ ግዛት ከሆነ ያለው፣ ማን ወደ ቤት እንደሚያመጣው ከመፈረማችሁ በፊት ከኢንሹራንሱ ጋር ተስማሙ። የሻጩ ጓደኛ "እኔ አደርስላችኋለሁ" ቢል ስሙ ውሉ ላይ ከሌለ እንቢ በሉ።

ሰው ለመጫን የብቸኛ ሰዓታችሁን ጨርሱ። በተጨማሪ ባለፉት 90 ቀናት ሦስት ጊዜ ተነስታችሁ ማረፍ አለባችሁ። በጭራ ጎማ አውሮፕላን ደግሞ ማረፉ የሚቆጠረው ሙሉ በሙሉ ስትቆሙ ነው፣ ነክቶ መነሳት አይቆጠርም።

ግራውንድ ሉፕ ከደረሰባችሁ

1. ሚክስቸሩን፣ ማግኔቶውንና ባትሪውን ዝጉ፣ ውጡ። ሰው ከተጎዳ መጀመሪያ እሱ።
2. ፕሮፔለሩ መሬት ከነካ ሞተሩን እንደገና አታስነሱ፣ "ደህና ይመስላል" ቢባልም። ሜካኒክ ውስጡን ሊያየው ይገባል።
3. ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሡ፣ የመንደርደሪያውን የጎማ ምልክትም ጭምር።
4. ሰው በከባድ ከቆሰለ ወይም አውሮፕላኑ በከባድ ከተጎዳ ለአሜሪካው የአደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤት ለኤንቲኤስቢ ወዲያው ደውሉ። እሺ ሳይሉ አታንቀሳቅሱት፣ ሰው ለማዳን ካልሆነ በስተቀር።
5. በዚያው ቀን ለብሮከሩ ደውሉ። የኢንሹራንሱ መርማሪ ሳያይ ጥገና አትጀምሩ። "ጥፋቱ የኔ ነው" የሚል ወረቀት ላይም አትፈርሙ።
6. ከዚያ አስተማሪያችሁ ጋ ደውሉና ከእሱ ጋር የምትበሩበትን ቀን ያዙ። አውሮፕላኑ ጥገና ላይ ሳለ በሲታብሪያውም ቢሆን ጀምሩ።